ቀኑ ሲረዝም ፀሐይ የምታጥርበት አገር

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ስቶክሆልም የምትኖረው የአክስቴ ልጅ በቪዲዮ ደወለችልኝ። እኔ ሆሳዕና፣ ቤታችን ደጃፍ ላይ ዱካ ስቤ ፀሐይ እየሞቅሁ ነበር። ሰሌን ላይ የተሰጣው በርበሬ ገና አልተነሣም። ፀሐይ ልትገባ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቀራታል። ስልኩን እንዳነሣሁ ሰላምታውን ትታ «ውይ፣ ፀሐይ!» አለች። ከዚያ ስልኳን ወደ መስኮቷ አዞረችልኝ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ የመንገዱ መብራት ሁሉ በርቷል፣ መኪኖቹ መብራታቸውን አብርተው ይሄዳሉ። እዚያ ሰዓቱ ስንት ነው ብላችሁ ነው? ከቀኑ 9 ሰዓት!

«ዛሬ የወጣችው ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ነው» አለችኝ። «የገባችው ደግሞ አሁን፣ ለ9 ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን። መሐል ላይ ደመና ስለነበር ዓይኗንም አላየሁት።»

ከሰባት ወር በኋላ፣ ሐምሌ መግቢያ ላይ፣ እንደገና ደወለች። ነገሩ ሁሉ ተገልብጧል። እኔ ጋቢ ተከናንቤ የቆርቆሮውን ዝናብ አዳምጣለሁ፤ ገመድ ላይ የዋለው ልብሳችን ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ አልደረቀም። ከምሽቱ 4 ሰዓት ሆኗል። እሷ ጋ 3 ሰዓት ማታ ነው፤ እሷ ግን ባሕሩ ዳር ቁጭ ብላ ፀሐይ ዓይኗን እየወጋት በእጇ ትከልላለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ ሙጭጭ ብሎ ያዘኝ። ከሁለታችን ብርሃን የበለጠው ለማን ነው? መልሱን ስፈልግ፣ ዕድሜዬን ሙሉ በኖርኩበት ከተማ ላይ የማላውቀው ነገር ተገለጠልኝ። እናንተም እንድታውቁት ጓጉቻለሁ፤ በርጋታ ላስረዳችሁ።

መጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። አንደኛው የቀን ርዝመት ነው፤ ፀሐይ ከወጣችበት እስከገባችበት ያለው ጊዜ፣ ደመና ኖረም አልኖረም። ሁለተኛው ፀሐይ በእርግጥ የምትታይበት ሰዓት ነው፤ ጥላ ጥሎ፣ ልብስ አድርቆ፣ ጀርባ አሙቆ የሚያልፈው ብርሃን። የሚቲዎሮሎጂ ሰዎች የፀሐይ ብርሃን ሰዓት የሚሉት ይህን ሁለተኛውን ነው። በአማርኛ ሁለቱንም «ፀሐይ» ብለን ስለምናልፋቸው ይምታቱብናል። ቀን አለ ማለት ግን ፀሐይ አለ ማለት አይደለም፤ በሐምሌ ሆሳዕና የዋለ ሰው ይህን ያውቃል።

የቀኑን ርዝመት ለመረዳት አንድ ብርቱካን፣ አንድ ስንጥርና አንድ ኩራዝ ይበቃችኋል። ስንጥሩን ብርቱካኑ መሐል አሳልፉት፤ ይህ የምድር ዛቢያ ነው። በእስክሪብቶ ሁለት ነጥብ አድርጉ፤ አንዱን ከብርቱካኑ ወገብ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ፣ ሌላውን ከወገቡ ወደ ጫፉ ከሚወስደው መንገድ ሁለት ሦስተኛው ላይ። የታችኛው ሆሳዕና ነው፤ ከምድር ወገብ ሰባት ዲግሪ ተኩል ብቻ ወደ ሰሜን። የላይኛው ስቶክሆልም ነው፤ 59 ዲግሪ ላይ። አሁን ኩራዙን አብሩና ስንጥሩን ወደ ኩራዙ ዘንበል አድርጋችሁ ብርቱካኑን አሽከርክሩት። ምድር የተዘነበለችው 23 ዲግሪ ከግማሽ ግድም ነው። የላይኛው ነጥብ አብዛኛውን ዙር ብርሃን ውስጥ ሲያሳልፍ፣ ለጥቂት ብቻ ወደ ጨለማው ጎን ገብቶ ይወጣል። የታችኛው ግን ግማሹን በብርሃን፣ ግማሹን በጨለማ ያሳልፋል፤ ዘንበል ማለቱ ብዙም አይነካውም። ብርቱካኑን ከኩራዙ ማዶ ውሰዱትና ዘንበል እንዳለ ደግማችሁ አሽከርክሩት። የላይኛው ነጥብ ይጨልምበታል። የታችኛው አሁንም ግማሽ በግማሽ ነው።

በቁጥር እንየው። የስቶክሆልም ረዥሙ ቀን፣ ሰኔ 14 ግድም፣ 18 ሰዓት ከ37 ደቂቃ ነው። አጭሩ ቀን ታኅሣሥ 12 ግድም ሲሆን ወደ 6 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ይወርዳል። የሁለቱ ልዩነት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ አንድ ሙሉ የሆሳዕና ቀን ማለት ነው። የሆሳዕና ረዥሙ ቀንስ? 12 ሰዓት ከ34 ደቂቃ። አጭሩ? 11 ሰዓት ከ41 ደቂቃ። ዓመቱን ሙሉ ሽቅብ ቁልቁል ብሎ የሚለዋወጠው 53 ደቂቃ ብቻ ነው። ዱራሜ፣ ሾኔ፣ አንጋጫ፣ ዶዮገና ሁሉም ከዚህ በአንድ በሁለት ደቂቃ ቢለዩ ነው።

የሰዓት አቆጣጠራችን ከዚህ የተወለደ ነው ብዬ አምናለሁ። ፀሐይ ስትወጣ 12 ብለን እንጀምርና 1 ሰዓት፣ 2 ሰዓት እያልን እንሄዳለን፤ ስትገባ እንደገና 12 እንላለን። እንዲህ ያለ ሰዓት የሚሠራው ቀኑ ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት በሚጠጋበት አገር ብቻ ነው። የአክስቴ ልጅ እስካሁን በኛ ሰዓት ነው የምታስበው። በታኅሣሥ ፀሐይዋ የምትወጣላት ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው፤ በሰኔ ደግሞ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። «ጠዋት አንድ ሰዓት» የሚለው ቃል እዚያ ወይ ከዶሮ ጩኸት በፊት ነው፣ ወይ ፀሐይዋ ከወጣች ብዙ ከቆየች በኋላ ነው።

ስለ ሰዓት ካነሣን፣ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በጥር ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት ለመሄድ ሲነሡ ከኅዳር ይልቅ ጨለማ ይሆንባቸዋል። ልማድ ወይም እንቅልፍ ይመስላል፤ እውነት ግን ነው። አድማሱ ሜዳ ቢሆን ሆሳዕና ላይ ኅዳር መግቢያ ፀሐይ የምትወጣው 12 ሰዓት ከ18 ላይ ነው። በጥር ሦስተኛ ሳምንት መጨረሻ 12 ሰዓት ከ48 ይሆናል። ቀኑ ግን በነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል ያን ያህል አልተለወጠም፤ ርዝመቱ እኩል ሊባል ይችላል። የሆነው ምንድን ነው? ቀኑ እንዳለ ወደ ኋላ ተንሸራቷል፤ በኅዳር 12 ሰዓት ከ7 ትገባ የነበረችው ፀሐይ በጥር 12 ሰዓት ከ36 ትገባለች። ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትሄድበት መንገድ ፍጹም ክብ አይደለም፣ ዛቢያዋም የተዘነበለ ነው። ስለዚህ እውነተኛው እኩለ ቀን የእጅ ሰዓታችንን አንዳንዴ ይቀድመዋል፣ አንዳንዴ ይዘገይበታል። በዚያ ላይ የአገራችን ሰዓት የተቀናው በ45ኛው ዲግሪ ኬንትሮስ ነው፤ ይህም ሩቅ ምሥራቅ፣ ሶማሌ ክልል ላይ የሚያልፍ መስመር ነው። ሆሳዕና ከዚያ መስመር ወደ ምዕራብ ሰባት ዲግሪ ስለምትርቅ ፀሐይ አናታችን ላይ የምትደርሰው በ6 ሰዓት ሳይሆን በአማካይ ወደ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

አናታችን ላይ ስል፣ በቃሉ ትርጉም አናታችን ላይ የምትደርስበት ቀን በዓመት ሁለቴ አለ። ሚያዝያ 1 ግድም፣ 6 ሰዓት ተኩል ላይ፣ አንድ ሜትር ቀጥ ያለ እንጨት ግቢያችሁ ውስጥ አቁሙ። ጥላው ይጠፋል። እግሩ ሥር ካልሆነ በቀር የትም አታገኙትም። ሁለተኛው ነሐሴ 28 ግድም ነው፤ ግን ያኔ ብዙውን ጊዜ ደመና ይከለክላችኋል። በታኅሣሥ ያው እንጨት እኩለ ቀን ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል። በሰኔ ደግሞ ጥላው ዞሮ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ 28 ሳንቲ ሜትር ግድም። እኔ ይህን እስክሞክረው ድረስ ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል የምታልፍ ይመስለኝ ነበር። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ እኩለ ቀን ላይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው። በክረምት ብልጭ ስትል የሰሜኑ መስኮት ብርሃን የሚያገኘው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ቀን እኛ ጋ ዓመቱን ሙሉ እኩል ሊባል ይችላል፣ ያውም ብዙ። በእንግሊዝኛ ኢትዮጵያን «የ13 ወር ፀሐይ አገር» ብሎ ያስተዋወቀውን መፈክር ያወጡት የአገራችን የቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ናቸው። መፈክሩን ከልብ እወደዋለሁ። ቀንን ከሆነ የሚቆጥረው፣ አንዳች ስህተት የለበትም፤ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን አሥራ አንድ ሰዓት ያልሞላ ቀን የለንም። የሚታየውን ፀሐይ ከቆጠርን ግን ሁለቱ ወሮች፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ ሌላ ታሪክ ያወራሉ።

ይህ የሚለካው እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፤ መሣሪያው ራሱ ደስ ይላል። ትልቅ ብርቱካን የሚያህል፣ ጥርት ያለ ድፍን የመስታወት ሉል ነው። ከበስተኋላው እንደ ቀለበት ጎበጥ ባለ ብረት ላይ ረዘም ያለ ካርቶን ይሰካል። ፀሐይ ስትወጣ ሉሉ ጨረሯን አንድ ነጥብ ላይ ሰብስቦ ካርቶኑን ያቃጥለዋል፤ ልጅ ሆነን በማጉያ መነጽር ወረቀት እንዳቃጠልነው ማለት ነው። ፀሐይ ስትሄድ ነጥቡም ይሄዳል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ጥቁር የተቃጠለ መስመር ይሰመራል። ደመና ሲመጣ መስመሩ ይቋረጣል፤ ሲገለጥ ይቀጥላል። ማታ ባለሙያው ካርቶኑን አውጥቶ ሌላ ይተካና የተቃጠለውን ርዝመት ይለካል። የዚያ ቀን የፀሐይ ሰዓት ይኸው ነው። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1853 ያመጣው ጆን ፍራንሲስ ካምቤል የተባለ የስኮትላንድ ሰው ነበር፤ በ1879 የሒሳብና የፊዚክስ ሊቁ ጆርጅ ስቶክስ አሻሻለው። መሣሪያው እስከ ዛሬ የሁለቱን ስም ይዞ ካምቤል ስቶክስ ይባላል። አሁን በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ሲለካ፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ቀጥታ የሚደርሰው የፀሐይ ኃይል ከ120 ዋት በላይ ሲሆን «ፀሐይ አለ» ይባላል፤ የዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት መስፈርት ይህ ነው።

እስቲ የሐምሌን ካርቶን በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱት። ጠዋት ላይ ጥቂት ጥቁር ነጠብጣብ፤ ጉሙ ሲነሣ ለትንሽ ጊዜ ደህና መስመር፤ ከቀትር በፊት ደመናው ሲሰበሰብ ባዶ፣ እስከ ማታ ባዶ። አንዳንዱ ቀን ካርቶኑ እንደተሰካ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። የአዲስ አበባ የረዥም ዘመን አማካይ በሐምሌ በቀን 3 እና 4 ሰዓት መካከል ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ግን 8 እና 9 ሰዓት ይሆናል። የሆሳዕናም ደጋ የሚከተለው ይህንኑ መንገድ ነው።

አሁን ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ላይ አስቀምጧቸው። ልቤን የመታው ይህ ነው። ሰኔና ሐምሌ በዓመቱ ረዥሞቹ ቀኖች ያሉባቸው ወሮች ናቸው። ታኅሣሥ አጭሩ ቀን ያለበት ነው። ነገር ግን ብዙ ፀሐይ የምናየው በአጭሩ ቀን ነው፤ በረዥሙ ቀን ፀሐይ ትጠፋብናለች። ስቶክሆልም ላይ ቀኑና ፀሐዩ አብረው ይረዝማሉ፣ አብረው ያጥራሉ። በታኅሣሥ ወሩን ሙሉ ተደምሮ የሚታየው ፀሐይ 40 ሰዓት አይሞላም፤ እኛ በአምስት ቀን የምንጨርሰው ነው። በሰኔ ወደ 300 ሰዓት ይጠጋል። እኛ ጋ ቀኑና ፀሐዩ ጀርባ ለጀርባ ናቸው።

ለምን? ደመናውን የምትጠራው ራሷ ፀሐይ ስለሆነች ነው። ከሚያዝያ በኋላ ፀሐይ በአናታችን ተሻግራ ወደ ሰሜን ስትሄድ የሰሜኑን የአፍሪካ ምድር ታግላለች። የጋለ ምድር አየሩን ያነሣል፤ አየሩ ሲነሣ ከሥሩ ክፍተት ይፈጠራል፤ ያን ክፍተት ሊሞላ እርጥብ አየር ከሩቅ ይሳባል፤ ከህንድ ውቅያኖስ፣ ከኮንጎ ደኖች፣ ከአትላንቲክም ጭምር። ምድር ወገብን ከቦ የሚዞረው የዝናብ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይወጣል። ያ እርጥብ አየር የኛ ተራሮች ጋ ሲደርስ ሽቅብ መውጣት አለበት። ሽቅብ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ጉም ይሆናል፣ ደመና ይሆናል፣ ዝናብ ይሆናል። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነች። ከምባታ ላይ ያለው አምባሪቾ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በክረምት ጫፉን ያየ ሰው ዕድለኛ ነው፤ ደመናው ጋቢውን እንደተከናነበ ሽማግሌ ተራራው ላይ ይሰፍራል። በዚያው ሰዓት ወደ ስምጥ ሸለቆው፣ ወደ ቁሊቶ ወረድ ብትሉ፣ ብዙ ጊዜ ሰማዩ ክፍት ሆኖ ታገኙታላችሁ። መንገዱ ረዥም አይደለም፤ ከፍታው ብቻ ነው የሚለየው።

የቃላቱ ነገርም ይገርመኛል። የአውሮፓን የታኅሣሥ ብርድ በአማርኛ «ክረምት» እንለዋለን፤ የኛን የሐምሌ ዝናብም «ክረምት» እንለዋለን። በጂኦግራፊ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ይህ ያወዛግበኝ ነበር፣ ትርጉሙ የተሳሳተ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ሳስበው ቃሉ ልክ ነው። ሁለቱም ፀሐይ የምትርቅበት ወቅት ናቸው። እነሱን ያጨለመባቸው የምድር ዘንበል ማለት ነው፤ እኛን ያጨለመብን ደመና ነው።

ደግሞ እነሱ ጋ ያለችው ፀሐይ እኛ ጋ ካለችው ጋር በጉልበት አትተካከልም። በታኅሣሥ እኩለ ቀን ስቶክሆልም ላይ ፀሐይ ከአድማሱ ከፍ የምትለው ሰባት ዲግሪ ግድም ነው፤ ከአንድ ፎቅ ጣራ በላይ ብቅ ብላ ትመለሳለች። የኛ በዓመቱ ዝቅተኛዋ የእኩለ ቀን ፀሐይ፣ ያው በታኅሣሥ፣ 59 ዲግሪ ላይ ነች። የእነሱ በዓመቱ ከፍተኛዋ ፀሐይ፣ በሰኔ፣ 54 ዲግሪ ነች። አያችሁት? የነሱ ከፍተኛዋ የኛን ዝቅተኛዋን አትደርስባትም። ዝቅ ብላ የምትመጣ ፀሐይ ብዙ አየር ሰንጥቃ ስለምትደርስ ቆዳችን ቫይታሚን ዲ የሚሠራበት ጨረር መንገድ ላይ ያልቃል። ከኅዳር እስከ የካቲት እዚያ ደጅ ቢቀመጡም ጨረሩ አይበቃም፤ ጥቁር ቆዳ ላለው ሰው ደግሞ ይብሳል። የአክስቴ ልጅ ልጇን በወለደች ጊዜ ለሕፃኑ የቫይታሚን ዲ ጠብታ እንድትሰጥ ነገሯት። እናቷ ከሆሳዕና በስልክ «ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቂው እንጂ!» እያሉ ይጨነቁ ነበር። የሁለቱም ምክር በየቦታው ልክ ነው። እናንተም ውጭ ያለ ዘመድ ካላችሁ ጠብታውን እንዳይተው ንገሩልኝ።

የኛን አካባቢ ልጆች በብዛት የምታገኟቸው ግን ስቶክሆልም አይደለም፤ ደቡብ አፍሪካ ነው። ከሀዲያና ከከምባታ ወጥቶ ጆሃንስበርግ የገባ ዘመድ የሌለው ቤት ማግኘት ይቸግራል። ወንድሜ እዚያው ጆሃንስበርግ፣ ጄፒ የሚባለው ሰፈር ይሠራል። በሐምሌ ሲደውል ሁልጊዜ የሚያማርረው ስለ ብርድ ነው። እዚያ ከምድር ወገብ በታች ስለሆነ ሐምሌ ቀኑ የሚያጥርበት ወቅት ነው፤ ቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ግድም ብቻ ነው፣ ጠዋቱ ይቆረጥማል። ግን ዝናባቸው የሚመጣው በታኅሣሥና በጥር ስለሆነ የሐምሌ ሰማያቸው እንደ መስታወት የጠራ ነው። ከአሥር ሰዓት ተኩሉ ቀን ዘጠኝ ሰዓቱን ያህል ፀሐይ ያያሉ። እኔ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ቀን ሦስት ሰዓት አይቼ እውላለሁ። «እናንተ ጋ ሙቀት ነው አይደል? ሐምሌ ነው እኮ» ሲለኝ ገመዱ ላይ ያለውን እርጥብ ሸሚዝ በካሜራ አሳየዋለሁ።

ብርድን ካነሣን፣ የኛ ከባዱ ውርጭ የሚመጣው ፀሐይ በበዛበት በታኅሣሥ ነው። ደመና የሌለው ሰማይ ቀን ፀሐይን ያስገባል፤ ሌሊት ደግሞ ምድር ያጠራቀመችውን ሙቀት ያለ ምንም ከልካይ ወደ ላይ ትለቃለች። የዶዮገናና የአንጋጫ ደጋ ገበሬ ውርጭ ይመጣል ብሎ የሚፈራው ጥርት ያለ፣ ነፋስ የሌለው፣ ከዋክብት የሞሉበትን ሌሊት ነው። በሐምሌ ግን ደመናው ብርድ ልብስ ነው፤ ቀኑን ያቀዘቅዘዋል፣ ሌሊቱን ያሞቀዋል።

ኑሯችን ሁሉ ይህን የፀሐይ ኪሳራና ትርፍ ተከትሎ የተሠራ ነው። ስንዴው ፍሬ የሚይዘው ከመስከረም በኋላ፣ ሰማዩ ሲከፈት ነው፤ የሚታጨደውና የሚወቃው በብራው ወራት ነው። በርበሬ የሚሰጣው በብራው ነው፤ እናቶቻችን ስጥ ሲያዩ ከሰማዩ ጋር በዓይን የሚነጋገሩ ይመስሉኛል። እንሰት ግን በዚህ ሁሉ መሐል የተለየች ነች። ሰፋፊ ቅጠሏ በደመና ውስጥ ተበትኖ የሚመጣውን ደብዛዛ ብርሃን ሳይቀር ትለቅመዋለች። ካምቤል ስቶክስ «ዜሮ» ብሎ በመዘገበው ቀን እንኳ እንሰት በላች። ቆጮ ደግሞ የሚብላላው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ለመድረስ ፀሐይ አይጠይቅም። ፀሐይ ለሁለት ወር የምትደበቅበት አገር ሰው እንሰትን የሙጥኝ ማለቱ ትክክል ነበር።

ሶላር ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ከራሴ ልምድ ልንገራችሁ። የኛን ስንተክል መመሪያው ላይ ያለውን ሥዕል አይተን በጣም አቁመን ወደ ደቡብ አዞርነው። ሥዕሉ የተሠራው ለሩቅ ሰሜን አገር ነበር፤ እዚያ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በደቡብ ስለምትሄድ ፓነሉ ቀና ማለት አለበት። እኛ ጋ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ፀሐይ ከፓነሉ ጀርባ ነበረች። ራሱ አነስተኛ የሆነውን የክረምት ፀሐይ ጀርባችንን ሰጥተነው ኖርን ማለት ነው። በኛ ኬክሮስ ፓነሉ የተኛ ሊባል በሚችል ሁኔታ መቀመጥ አለበት፤ የዝናቡ ውኃና አቧራው እንዲንሸራተት ብቻ ትንሽ ወደ ደቡብ ዘንበል ይበል። ካስተካከልነው ወዲህ በሐምሌም መብራቱ እስከ እራት ድረስ ይቆያል። ስትገዙ ደግሞ በታኅሣሥ ምን ያህል እንደሚያበራ አትጠይቁ፤ በነሐሴ ምን ያህል እንደሚያበራ ጠይቁ።

መጀመሪያ ወደያዘኝ ጥያቄ ልመለስ። ብርሃን የበለጠው ለማን ነው? ቀንን ብቻ ከቆጠርን ዓመቱን ሙሉ ተደምሮ ለሁሉም ሰው ግማሽ ግማሽ ነው፤ ሆሳዕናም፣ ጆሃንስበርግም፣ ስቶክሆልምም በዓመት ከ4,380 ሰዓት በላይ ቀን ያገኛሉ። ልዩነቱ አከፋፈሉ ነው። ለኛ በየቀኑ ተመጥኖ ይሰጠናል፤ ለእነሱ ግማሽ ዓመት ይትረፈረፍና ግማሽ ዓመት ይነጠቃሉ። ከዚያ በኋላ ደመና መጥቶ የየራሱን ድርሻ ይወስዳል፤ ከኛ የሚወስደው በአንድ ወቅት ነው።

የሚወስደውም የሚመልስበት ቀን አለው። መስከረም 12 ግድም ፀሐይ ምድር ወገብን ተሻግራ ወደ ደቡብ ትዞራለች። በዚያ ቀን በዓለም ላይ ያለ ከተማ ሁሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ግድም ቀን ያገኛል። የዝናቡም ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ቁልቁል መውረድ ይጀምራል። በዚያው ሳምንት አካባቢ ሀዲያ ያሆዴን፣ ከምባታ መሳላን፣ አገሩ ሁሉ መስቀልን ያከብራል። ያሆዴ ከጨለማ ወደ ብርሃን መሻገሪያ ነው ይላሉ አባቶች። ልጅ ሆኜ ይህን ስሰማ ምሳሌ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን የካርቶኑ ጥቁር መስመር በሐምሌ ተቆራርጦ፣ በመስከረም መጨረሻ መቀጠል፣ በጥቅምት ከዳር እስከ ዳር መሰመር እንደሚጀምር ሳስብ፣ የመስታወቱ ሉል ከመምጣቱ በፊት ይህን ሰማይ በዓይናቸው ሲለኩ የኖሩ ሰዎች እንደነበሩ ይገባኛል።

ዘንድሮ በያሆዴ ዋዜማ የአክስቴ ልጅ ደወለች። ቤቱ በቅቤ ሽታ ታውዷል፤ የበዓሉ ምግብ አታካናው ቀርቧል፤ ግቢው ውስጥ የአደይ ቢጫ ፈክቷል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ግድም ነበር፤ ፀሐይዋ ልትገባ ጥቂት ደቂቃ ይቀራታል፣ ሰማዩም ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአድማስ እስከ አድማስ ተከፍቷል። እሷ ጋ 11 ሰዓት ነው፤ መስኮቷ ላይም ያችው ፀሐይ ነበረች። «እዚህ አሁን በየቀኑ አምስት ደቂቃ ይወስዱብናል» አለችኝ። እናቷ ስልኩን ከእጄ ተቀብለው ወደ ምዕራብ አዞሩት፤ እስክትገባ ድረስም እንደያዙላት ቆዩ።